የእሑድ አስተማሪዎች ግለ ሂስ

ያለፈው እሑድ ጸሎቱ አልቆ ሰው ጥላ ፍለጋ ወደ ዛፎቹ ሥር ሲበተን፣ እትዬ ብርነሽ ክንዴን ያዝ አድርገው «ሐና፣ ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ትንንሾቹን ልጆች የምትይዢው አንቺ ነሽ። ቅዳሜም ከእኛ ጋር ትቀመጫለሽ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ሌላ ነገር አላልኩም። ቤት ገብቼ ሰሃን አጠብኩ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ተኮስኩ፣ የሂሳብ የቤት ሥራዬን ሠራሁ። ደስታው የመጣው በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ ነው። ባንዲራ ሲሰቀል ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የቆመችው ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «አቦ፣ ምን ሆነሻል ዛሬ?» አለችኝ። ደስታ እኔ ዘንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ እንደ ጅቡቲ ባቡር። ግን ደረሰ፤ ይኸው እስካሁን አልሄደም።

«ቅዳሜ» ያሉት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያለችው ትንሿ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ናት። ከተማው አሁንም «የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን» ይላታል፤ እንግሊዝ ግን አንድም አልቀረባትም። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ልጆች የሚያስተምሩትና ወላጆችን እየዞሩ የሚጠይቁት መሪዎች ተሰብስበው እርስ በርስ ይማማራሉ። ደንበኛ ስሙ «የሕፃናትና የቤተሰብ አገልግሎት መሪዎች መማማሪያ» ነው። በዚህ ስም የጠራው ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ሁሉም «ግለ ሂስ» ነው የሚለው። «እማዬ የለችም፣ ግለ ሂስ ሄዳለች» ይላሉ ልጆቹ። በቀደም ከአዲስ አበባ የመጡት ቄስ ይህን ሰምተው ደነገጡ፤ አንድ ሰው የተከሰሰ መስሏቸው ነበር። እትዬ ብርነሽ ታዲያ «አዲሶቹ አያውቁትምና ስሙ ከየት እንደመጣ አንቺ ጻፊው፣ በስቴንስል አባዝተን እናድለዋለን» አሉኝ። እማዬ «አሥራ ሰባት ዓመት ለትዝታ አይበቃም» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ካስነበቡኝ ወዲህ ብዕር አልፈራም። ደግሞም የማስታውሰው ድሬዳዋና ዛሬ ጠዋት ያለፍኩበት ድሬዳዋ አንድ አይደሉም።

ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከዚራ ያው ከዚራ ነበር፤ ዛፎቹ ከሁለቱም ወገን ተቃቅፈው መንገዱን በቀትር ያጨልሙታል፣ በየግቢው በር ላይ አንድ ዘበኛ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዘንብሎ ያንቀላፋል። ከባቡር ጣቢያው እስከ መጋላ ገበያ በጋሪ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ አሁን ባለጋሪው ስሙኒ ሲሉት ራሱ ያኮርፋል። ሳምቡሳ በአሥር ሳንቲም ነበር። ሙሸበክ የሚባለውን፣ ስኳሩ እጅ ላይ የሚጣበቀውን ጣፋጭ ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ከምድር ባቡር በወጣ አሮጌ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ጠቅልላ ነበር የምትሸጠው፤ ዘይቱ ሲወርድበት ፊደሉ እየጎላ ይመጣል፣ እኔም ማንበብ የማልችለውን አነብ ነበር። ሴቶቹ በባቡር ከጅቡቲ የገባ ስስ ድሪያ ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ወንዶቹ ከሰዓት በኋላ ሽርጣቸውን አገልድመው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ጎረምሶቹ ደግሞ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ነበራቸው። ይህን በደንብ የማውቀው አባባ ልብስ ሰፊ ስለነበረ ነው። መጋላ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የከተማውን ቤልቦተም ግማሽ የሰፋው እሱ ነው ይባላል። በኋላ ቤልቦተም ቀርቶ ሁሉም ካኪ ማሰፋት ጀመረ፤ አባባም ካኪ ሰፋ። አባቱ፣ አያቴ ማለት ነው፣ የዚህች ቤተ ክርስቲያን አትክልተኛ ነበሩ። እኛም በዚሁ መንገድ አንግሊካን ሆንን፣ በአትክልት።

የቀበሌው አዳራሽ ከቤተ ክርስቲያናችን ጋር አንድ አጥር ይጋራ ነበር። እሑድ ጠዋት እኛ ልጆቹ ስንዘምር የቀበሌው የኪነት ቡድን ከአጥሩ ወዲያ በከበሮና በአኮርዲዮን ሰልፍ ይለማመዳል። ምታቸው የእኛን ይበልጥ ስለነበር መዝሙራችን ቀስ በቀስ የሰልፍ ምት ያዘ። እስከ ዛሬ አንዳንዱን መዝሙር እግሬን ሳላነሳ መዘመር አልችልም።

የውጭ አገር ሰዎቹ አንድ በአንድ ሄደው አለቁ፤ መጨረሻ ላይ ቄሱም በጅቡቲ በኩል ሄዱ። ወርኃዊውን መማማሪያ የጀመሩት እሳቸው ነበሩ፤ ባቡሩ መስኮት ላይ ሆነው «እሱን አታቋርጡ» ማለታቸውን እማዬ ትናገራለች። ልጆች የሚያስተምሩ የቀሩት ሦስት ናቸው። እትዬ ብርነሽ ጥጥ ፋብሪካ ነበር የሚሠሩት፤ ድምፃቸው ማሽን ለማሸነፍ የለመደ ነው፣ ሹክ ሲሉ ራሱ ውጭ ይሰማል። ጋሽ ኃይሌ ምድር ባቡር ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ሦስተኛዋ እማዬ ናት፤ ዘነበች። ሦስት ሰው በር ዘግቶ መሰብሰብ ደግሞ ያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ጋሽ ኃይሌ ካራቫታቸውን አስረው ፈቃድ ሊጠይቁ ቀበሌ ሄዱ።

«ምን ዓይነት ስብሰባ ነው?» አሏቸው።

«ልጆች የምናስተምር ሰዎች እየተገናኘን እንወያያለን።»

«የውይይት ክበብ ነዋ።»

«እንደዚያ በሉት።»

«የውይይት ክበብ ከሆነ ሂስና ግለ ሂስ ይኖረዋል። ታዛቢም እንልካለን።»

በዚያ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው ሰው ጓደኞቹ ፊት ቆሞ የገዛ ጥፋቱን ይናገር ነበር፤ ግለ ሂስ ይሉታል። ከዚያ ጓደኞቹ በተራ ይነሱበታል፤ እሱ ሂስ ነው። ጋሽ ኃይሌ «እሺ» ብለው ፈርመው መጡ። እትዬ ብርነሽ «እግዜር ይይልህ ኃይሌ፣ የሰንበት ትምህርቱን ፋብሪካ አደረግኸው» አሏቸው። በወሩ ቅዳሜ ታዛቢው መጣ። ጓድ መላኩ ይባላል፤ ካኪ የለበሰ፣ ቆብ ያጠለቀ፣ ከወንበር ጠርዝ ላይ የሚቀመጥ ሰው። ካኪውን ማን እንደሰፋው ከኪሱ አሰፋፍ አውቄዋለሁ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ነገሩ ቲያትር ነበር። ጋሽ ኃይሌ ተነሡና «ጓዶች፣ ባለፈው እሑድ ስለ ዮናስ ሳስተምር አንድ ድክመት አሳይቻለሁ» አሉ።

«ምን ዓይነት ድክመት?» አለ ጓድ መላኩ።

«አንዱ ልጅ፣ ዮናስ ነነዌ አልሄድም ሲል ቀበሌው ምን አለው ብሎ ጠየቀኝ።»

«እና ምን መለሱለት?»

«ወደ ዓሣው አለፍኩ።»

እትዬ ብርነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ጓድ መላኩ ትንሽ አሰበና «ዓሣው ራሱ ሳይንሳዊ አይደለም» አለ።

«እሱን ለሚቀጥለው ወር እናቆየው» አሉ ጋሽ ኃይሌ።

እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው እዚያው ስለነበርኩ ነው። አባባ መጋላ ስለሚውል ቤት የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም፤ እማዬ የኋላ አግዳሚ ላይ አስቀምጣኝ የሥዕል ካርዶቹን ትሰጠኛለች። ቲያትሩ ግን እየቆየ ሌላ ነገር ሆነ። ሰው ቆሞ «ይህ አልሆነልኝም» ሲል ከርሞ እውነተኛውን ነገር መናገር ይጀምራል መሰለኝ። ሂሱን ደግሞ እትዬ ብርነሽ አስቀሩት። «ሂስ ፋብሪካ ይበቃኛል። እዚህ መጠየቅ ብቻ ነው፤ ጠይቆም ዝም ብሎ መጠበቅ» አሉ። ጓድ መላኩ መመሪያው ሂስን ያዛል ሲል «ጥያቄ ከሂስ አይብስም?» አሉት። እንዲህ ነው ወጉ የተያዘው፤ አንዱ ያልሆነለትን ይናገራል፣ ሌሎቹ ምክር ሳይሰጡ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ።

የአባባ ነገር የሆነው በዚያው ዓመት ነው። አንድ ጠዋት ከቀበሌ ሰዎች መጥተው ለስብሰባ ብለው ጠሩት። ሸሚዙን ቆለፈ፣ መቀሱን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠ፣ ሄደ። ቀትር ላይ እማዬ ዳቦ ግዢ ብላ ላከችኝ። ዳቦውን ይዤ ስመለስ ወደ ሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ የሚሄዱ ካሚዮኖች በባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያልፉ ነበር፤ መንገዱ እስኪለቀቅ ቆምኩ። ከኋላ የተደረደሩት ሰዎች የለበሱት የየቤታቸውን ልብስ ነው። አንዱ አባባ ነበር። አየኝ። እጁን አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። ካሚዮኑ አለፈ፣ መንገዱ ተለቀቀ፣ ተሻገርኩ። እማዬ «አባባ ለሥራ ሄዷል፤ ይመጣል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ መናገር ተውኩ። አስቤበት አይደለም። ያመመኝ ነገር አልነበረም፣ አላለቀስኩም፣ የሚቀርብልኝን እበላ ነበር፣ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። አዴ ፋጡማ ሙሸበኩን በነፃ እየሰጠችኝ «ወላሂ ዘኑ፣ ይቺ ልጅ ዝም በይ ስንላት የማትሰማ አልነበረችም? አፏን ማን ሰፋው?» ትላለች። እማዬ ጠዋትም ማታም «ምን ሆንሽ?» ትለኛለች። እሑድ ደግሞ የሌላውን ሰው ልጆች ሰብስባ ታስዘምራለች፤ እኔ መሐላቸው ቁጭ ብዬ ከንፈሬን አላንቀሳቅስም፣ እሷ ከንፈሬን ታያለች።

አንድ ቅዳሜ እማዬ ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። «ጓዶች» አለች፤ ቃሉ ሁልጊዜ ያስቃቸው ነበር፣ ያን ቀን ማንም አልሳቀም። «ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ትንንሾቹን ለሌላ ሰው ስጡልኝ።»

«ለማን ልስጥ ዘኑ?» አሉ እትዬ ብርነሽ። ሌላ ሰው እንዳልነበረ ሁሉም ያውቃል። እማዬ ከተወች የትንንሾቹ ክፍል ይዘጋል፤ ሁለት ሰው ደግሞ ክበብ አይባልምና ቅዳሜውም ያበቃለታል።

«እኔ እንጃ። የገዛ ልጄን ማናገር ያቃተኝ ሴት፣ የሰው ልጅ ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

ሁሉም ወደኔ ላለማየት ሞከሩ። እኔ ካርዱ ላይ ያለውን አህያ እያየሁ ነበር።

«ምን ትያታለሽ?» አሉ እትዬ ብርነሽ።

«ምን ሆንሽ እላታለሁ።»

«ሌላስ?»

«ራበሽ እላታለሁ። አመመሽ እላታለሁ። ማን መታሽ እላታለሁ።»

«እሺ። አንቺስ ምን እንደሆንሽ ነግረሻታል?»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

እትዬ ብርነሽ ወጉን ጠብቀው ዝም አሉ። ከአጥሩ ወዲያ የቀበሌው አኮርዲዮን አንድ ዜማ ጀምሮ አቋረጠ። እማዬ ጓድ መላኩን አየችው፤ ከዚያ ማየቷን ተወች። «ባሌን ሁርሶ ወሰዱብኝ» አለች። «የት እንዳለ አላውቅም። እሷን ለሥራ ሄዷል ብያታለሁ።»

ይህን ዓይነት ቃል ታዛቢ ፊት የሚናገር አልነበረም። ጋሽ ኃይሌ ፈጥነው «ዘነበች ለማለት የፈለገችው፣ ለእናት አገር ጥሪ» ብለው ጀመሩ።

«ለማለት የፈለግሁትን ነው ያልኩት» አለች እማዬ፤ ቁጭ አለች።

ጓድ መላኩ ቆቡን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ፀጉሩ መሳሳት እንደጀመረ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «ታዛቢ ግለ ሂስ ማድረግ ይችላል?» አለ።

«መመሪያው ምን ይላል?» አሉት እትዬ ብርነሽ።

«መመሪያው ዝም ይላል።»

«እንግዲያ ተናገር።»

«ሦስት ልጆች አሉኝ» አለ። «ደጅ ስደርስ ሳቃቸው ይሰማኛል። በሩን ስከፍተው ያቆማሉ።»

«ስትገባ መጀመሪያ የምትላቸው ምንድነው?»

አሰበ። «መብራት ማን አበራ፣ እላለሁ።»

ጋሽ ኃይሌ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሳል ሊያስመስሉት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። እማዬም ሳቀች፣ በእጇ አፏን ይዛ። ጓድ መላኩ «መብራት ውድ ነው እኮ» አለ፤ ራሱም ትንሽ ፈገግ አለ።

«ቀን ቀን ምን ስትሠራ እንደምትውል ያውቃሉ ልጆቹ?» አሉ እትዬ ብርነሽ፣ የቻሉትን ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አያውቁም።» ቆቡን በጣቱ አዞረው። «ቢያውቁ ደግሞ» አለና ቀሪውን ተወው። ማንም አልጨረሰለትም። ከዚያ ቆቡን አድርጎ ተነሣ። «ስለ ባልሽ የተባለውን አልሰማሁም» አላት እማዬን። «ትንንሾቹን ግን አትተዪ። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ፈቃዱን እነጥቃችኋለሁ።» ይህን ያለው በቁጣ ድምፅ ነው፤ ሌላ ድምፅ የነበረውም አይመስለኝም።

እማዬ «እስከሚመጣው ወር ልየው» አለች።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ ክረምት ካልሆነ ውሃ በማይታይበት በደቻቱ ወንዝ አሸዋ አቋረጥን። እማዬ ሳታየኝ መናገር ጀመረች፤ ወደፊት እያየች። ጠዋት እነማን እንደመጡ፣ ምን እንዳሉ ነገረችኝ። ስንቅ ልትቋጥርለት ፈልጋ ዳቦ አልነበረም፤ ዳቦ እንድገዛ የላከችኝ ለዚያ ነበር። ከቀበሌ ሳይወጣ ዳቦው ይደርስለታል ብላ ነበር። «ይመጣል አልኩሽ እንጂ አላውቅም» አለች። «እፈራለሁ። ሌሊት መኪና በሰማሁ ቁጥር እነሳለሁ። ይሄው ነው የሆንኩት።» ምንም አልጠየቀችኝም። ብዙ ተራመድን። ሸራ ጫማዬ ከባድ ሆነብኝ።

«ጫማዬ ውስጥ አሸዋ ገባ» አልኩ።

እማዬ ቆመች። ተንበረከከች፣ ጫማዬን አወለቀች፣ አሸዋውን አፈሰሰች፣ እግሬን በቀሚሷ ጠረገች፣ መልሳ አሰረችልኝ።

«ሌላኛውስ?» አለችኝ።

«እሱም» አልኩ።

በተከታዩ ወር ይህን ለመማማሪያው ነገረች፤ ትንንሾቹንም ሳትተው ቀረች። ከዚያ ወዲህ በእሑዱ ክፍል «ምን ሆንሽ፣ ምን ሆንክ» ብሎ መጀመር ቀረ። አስተማሪው መጀመሪያ የራሱን ሳምንት ይናገራል፣ ትንሽም ብትሆን እውነተኛ ነገር። ጋሽ ኃይሌ ለወንዶቹ ልጆች ስለ ዮናስ የተጠየቁትን መመለስ ፈርተው እንደነበረ ነገሯቸው፤ የዚያን ዕለት ክፍሉ ሰዓቱ አልቆ አልወጣም አለ። ጓድ መላኩ ጥቂት ጊዜ መጣ፣ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ ተባለ። የእሱ ልጆች በሩን ሲከፍት ሳቃቸውን ማቆም ትተው እንደሆነ የነገረን የለም። አባባም አልመጣም። እማዬ በስፌት መኪናው የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የኔንም የሰፋችው እሷ ናት። ይህን ስጽፍ ሊሰማኝ ይገባል የምለው ነገር አለ፣ አይሰማኝም። የሌላ ልጅ ወሬ ይመስለኛል። ምናልባት እሱም እንደ ደስታው ዘግይቶ ይደርስ ይሆናል፤ እጠብቀዋለሁ።

አሁን ፈቃድ ጠይቁ የሚለን የለም፣ ታዛቢም አይመጣም። ከሳቢያን፣ ከለገሀሬ ሰፈር የሚመጡ ወጣት እናቶች አሉ፤ ጋሽ ኃይሌ ጡረታ ወጥተው አሁንም ካራቫታቸውን አስረው ይመጣሉ። እማዬ ወላጆችን እየዞረች መጠየቅ ይሻለኛል ስላለች ነው ትንንሾቹ ለኔ የተሰጡት። ትናንት ደጋግሜ ምን ልበላቸው እያልኩ ስጠይቃት «ምን ትያቸዋለሽ? ስለራስሽ ሳምንት ንገሪያቸዋ» አለችኝ። የምነግራቸው ነገር ይዣለሁ፤ ሰልፍ ላይ ብቻዬን መሳቄን።

ይህን የምታነቡ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ብትሆኑም ባትሆኑም፣ ልጅ የምታስተምሩ ወይም ልጅ የምታሳድጉ፣ በግለ ሂሱ ቅዳሜ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት ከዚራ ኑ። የሆነላችሁን እቤት ተዉት፤ አንድ ያልሆነላችሁን ነገር ይዛችሁ ኑ፣ ምክር የሚሰጣችሁ የለም። ልጅ የምታስቀምጡበት ከሌላችሁ ይዛችሁት ኑ፣ የሥዕል ካርዶቹ አሉ። መናገር ካልፈለጋችሁም ኑ። የኋላ አግዳሚ ላይ ከኔ አጠገብ ቦታ አለ፤ ምን ሆናችሁ ብዬ አልጠይቃችሁም።